ከካርቱም ወደ ጎጃም የተላከው የነፋስ ስልክ

የዚህ መታሰቢያ መጽሐፍ አዘጋጆች አንድ ታሪክ ነክ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ ብዙ አመነታሁ። ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር ሜዳ ከእኔ ይልቅ አሳምረው የሚጽፉ ወንድሞችና እኅቶች በሞያችን ውስጥ ሞልተዋል። የእኔ ትምህርት ፊዚክስ ነው። ቢሆንም ቅሉ፣ ፊዚክስ ታሪክና አገር የሌለው ይመስል በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ ሲኖር፣ ተማሪው ቀመሩን ይሸመድዳል እንጂ ቀመሩ ከራሱ በላይ ስላለው ሰማይ የሚናገር መሆኑን አያስተውልም። ስለዚህ ከካርቱም ተነሥቶ ወደ ጎጃም ስለ ተሻገረ የራዲዮ ቃል፣ ያ ቃል ስለ ሄደበት መንገድና በዚያው ዘመን ስለ ተፈለሰፈ አንድ የምሥጢር ዘዴ ጥቂት ለመጻፍ ወሰንኩ። የዓመቱ ቁጥር በእኛ አቆጣጠር ሲሆን ዓ.ም.፣ እንደ አውሮፓውያን ሲሆን እ.ኤ.አ. ብዬ አመለክታለሁ።

አባቶቻችን ያለ ሽቦ የሚሄደውን ቴሌግራፍ «የነፋስ ስልክ» ብለው ሰየሙት። በአዲስ አበባ ዛሬም ንፋስ ስልክ የሚባለው ሠፈር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ስያሜው ያማረ ቢሆንም ነፋስ ከዚህ ሥራ የለበትም፤ ሞገዱ አየር በሌለበት ባዶ ቦታም ይሄዳልና። ነገር ግን ስሙን ያወጡት ሰዎች አንድ እውነት አልሳቱም፤ ነፋስ ባለቤት የለውም፣ የሚነፍሰውም ለወዳጅና ለጠላት እኩል ነው። የታሪኩ ችግር ሁሉ ከዚህ ላይ ይጀምራል።

ኢጣሊያ ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ባወጀች ጊዜ ካርቱም ሳታስበው የግንባር ከተማ ሆነች። በስተምሥራቅዋ ያለው አገር ሁሉ በጠላት እጅ ነበር። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት አገራቸው ከእንግሊዝ ተነሥተው በዚያው በሰኔ ወር መጨረሻ ሱዳን ገቡ። የኦምዱርማን ራዲዮም የተቋቋመው በዚያው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ የእንግሊዝ መንግሥት የጦርነቱን ወሬ በአረብኛ ለሱዳን ሕዝብ ለማሰማት ያቆመው ነበር። በአማርኛ ደግሞ «ባንዲራችን» የተባለው ጋዜጣ በካርቱም እየታተመ ወደ አገር ቤት ይገባ ነበር። ጋዜጣው በበቅሎና በሰው ጀርባ ሲጓዝ ብዙ ቀን ይፈጅበታል። ጦርነት ግን ብዙ ቀን አይጠብቅም።

ነሐሴ 6 ቀን 1932 ዓ.ም. ኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ የሚመራው «ተልእኮ 101» የተባለው አነስተኛ ጓድ ከሱዳን ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ጎጃም ገባ። ከጓዱ ጋር አዛዥ ከበደ ተሰማ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው ሄደዋል። ጊዜው ክረምት ነው፤ ወንዞች ሞልተዋል፣ መንገዱ ጭቃ ነው። ከጭነቱ ውስጥ ጠብመንጃና ገንዘብ ነበር፤ የራዲዮ ማሠራጫም ነበር። የዚያ ዘመን የዘመቻ ራዲዮ ዛሬ በኪስ እንደምንይዘው አይደለም። ማሠራጫው ለብቻው፣ ከእርሳስ የተሠራው ከባድ ባትሪ ለብቻው፣ ባትሪውን የሚሞላው ሞተር ለብቻው፣ ነዳጁም ለብቻው መጫን አለበት። አንዲት በቅሎ ገደል ብትገባ የቀሩት ዕቃዎች ከንቱ ይሆናሉ።

ሳንድፎርድ ሰፈሩን በሰከላ አቅራቢያ ፋጉታ በተባለ ስፍራ አደረገ። ከዚያም ሆኖ በደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና በደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ መካከል ስምምነት እንዲወርድ ሲደክም፣ ያየውንና የሰማውን በራዲዮ ለካርቱም ያስታውቅ ነበር። በካርቱም ከነበሩት የእንግሊዝ ሹማምንት ብዙዎቹ ጎጃም ስለ መነሣቱ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ተቀባይነት ስለ ማግኘታቸው ይጠራጠሩ ነበር። ያን ጥርጣሬ ሊያስወግድ የሚችለው ከውስጥ የሚመጣ ወሬ ብቻ ነበር። ኅዳር 11 ቀን 1933 ዓ.ም. ሻለቃ ኦርድ ዊንጌት በአውሮፕላን ፋጉታ ወርዶ ከሳንድፎርድ ጋር ተመካከረ። ከሁለት ወር በኋላ፣ ጥር 12 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ በኩል የአገራቸውን ምድር ረገጡ።

አርበኛው ያፈሰሰው ደም ሳይቆጠር ድሉን በሙሉ ለአንዲት የራዲዮ ሣጥን መስጠት ግፍ ይሆናል። እኔም ያን አልልም። የምጠይቀው የአስተማሪ ጥያቄ ነው፤ ያ ቃል ከፋጉታ ካርቱም የደረሰው በምን መንገድ ነው?

በሁለቱ ስፍራዎች መካከል በቀጥታ መስመር 700 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። የራዲዮ ሞገድ በሁለት መንገድ ሊሄድ ይችላል። አንደኛው ምድርን ታክኮ የሚሄደው ነው። ይህ ግን በአጭር ሞገድና በትንሽ ኃይል ሲሆን፣ ደረቅ መሬትና ተራራ ጉልበቱን ስለሚበላው፣ ከጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች በላይ አይዘልቅም። ሁለተኛው ወደ ላይ ወጥቶ ከሰማይ የሚመለሰው ነው።

ከሰማይ መመለሱ መጀመሪያ ላይ ሊቃውንቱንም ግራ አጋብቷቸው ነበር። ማርኮኒ በዲሴምበር 1901 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ አገር የተላከ ምልክት አትላንቲክን ተሻግሮ ኒውፋውንድላንድ ደረሰልኝ ባለ ጊዜ፣ ብርሃንና ራዲዮ በቀጥታ የሚሄዱ ከሆነ ክብ በሆነች ምድር ላይ እንዴት ሊሆን ይችላል የሚል ጥያቄ ተነሣ። በሚቀጥለው ዓመት አሜሪካዊው ኬኔሊና እንግሊዛዊው ሄቪሳይድ፣ አንዱ ከሌላው ሳይመካከሩ፣ ከምድር በላይ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ሽፋን መኖር አለበት አሉ። ሽፋኑን በሙከራ ያረጋገጠው ኤድዋርድ አፕልተን ነው፤ ከተማሪው ከባርኔት ጋር በ1924 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከሰማይ የተመለሰውን ሞገድ ለክቶ አሳየ፤ ለዚህና ለተከታዩ ሥራው በ1947 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ያ ሽፋን ዛሬ አዮኖስፌር ይባላል። የፀሐይ ጨረር በከፍታ ያለውን ስስ አየር እየመታ ኤሌክትሮኖችን ስለሚያላቅቅ፣ እነዚህ ነጻ ኤሌክትሮኖች የራዲዮውን ሞገድ አጠማዘው ወደ ምድር ይመልሱታል።

ይህን በክፍል ውስጥ በቁጥር ማሳየት ይቻላል። የሽፋኑን ከፍታ 300 ኪሎ ሜትር እናድርገው። ሞገዱ የርቀቱን ግማሽ፣ ማለት 350 ኪሎ ሜትር፣ ወደ ፊት እየሄደ 300 ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ይወጣል፤ ከዚያም እንዲሁ ይወርዳል። በፓይታጎረስ ደንብ ጠቅላላው መንገድ 922 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህን የሚጨርሰው ከሰከንድ ሺህኛ ሦስት እጅ ያህል በሆነ ጊዜ ነው። ከፋጉታ ድንበር ለመድረስ በቅሎዋ ቀናት ስትወስድ፣ ቃሉ ተማሪው ዓይኑን እስኪጨፍን እንኳ አልቆየም።

ነገር ግን ሰማዩ ሁሉንም ሞገድ አይመልስም። ድግግሞሽ የምንለው፣ ማለት ሞገዱ በሰከንድ የሚወዛወዝበት ቁጥር፣ እጅግ ከፍ ካለ ሽፋኑን በስቶ ወደ ሕዋ ይወጣል፤ እጅግ ዝቅ ካለ ደግሞ በቀን የታችኛው የአዮኖስፌር ክፍል ይውጠዋል። በመካከል ያለው እንደ መስኮት ነው። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የተላከ ሞገድ እስከ 10 ሜጋኸርዝ የሚመለስበት ቀን ቢሆን፣ ከላይ በጠቀስነው ማዕዘን ለ700 ኪሎ ሜትር የሚላከው እስከ 15 ሜጋኸርዝ ድረስ ይመለሳል። ሌሊት ፀሐይ ስትጠፋ ኤሌክትሮኖቹ ስለሚቀንሱ መስኮቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ቀን ጥሩ የነበረው ድግግሞሽ ማታ ድምጥማጡ ይጠፋል። ስለዚህ የራዲዮ ሠራተኛ የቀንና የሌሊት ድግግሞሹን ለይቶ መያዝ አለበት። ሌላም እንግዳ ነገር አለ። ምድርን የሚታከከው ሞገድ ካለቀበት፣ ከሰማይ የሚመለሰው እስከሚያርፍበት ድረስ ባለው ቦታ ምንም አይሰማም። በዚህ የተነሣ የፋጉታው ማሠራጫ ካርቱም ላይ በግልጽ እየተሰማ፣ ሁለት ቀን መንገድ ላይ ላለ ጓድ ዝም ሊል ይችላል። ይህን የማያውቅ መኮንን ማሠራጫው ተበላሽቷል ብሎ ሠራተኛውን ይቆጣል።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ እንድናገር ይፈቀድልኝ። ለብዙ ዓመት ያስተማርኩበት አንድ የፊዚክስ መጽሐፍ አዮኖስፌርን ሲያሳይ በለንደንና በኒውዮርክ መካከል ብቻ ይሥለዋል። ተማሪዎቼም ያ ሽፋን በአውሮፓውያን ሰማይ ላይ የተዘረጋ ይመስላቸው ነበር። እውነቱ ግን የእኛ ሰማይ ከእነርሱ ይልቅ አስደናቂ መሆኑ ነው። የምድር መግነጢስ ወገብ፣ ማለት የመግነጢስ መርፌ ፈጽሞ ጋድም የምትልበት መስመር፣ በኢትዮጵያ ምድር ላይ ያልፋል። በዚህ መስመር አካባቢ በቀን የኤሌክትሪክ ኃይል ኤሌክትሮኖቹን ወደ ላይ ያነሣቸውና በመግነጢሱ መስመሮች ተንሸራትተው በስተሰሜንና በስተደቡብ ይከማቻሉ። አፕልተን ይህን በ1946 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። ፀሐይ ከገባች በኋላ ደግሞ ሽፋኑ እየፈላ እንደሚንደቀደቅ ወጥ ይበጣጠስና በእርሱ የሚያልፈው ድምፅ ይንቀጠቀጣል። ማታ ማታ በአጭር ሞገድ ራዲዮ የሩቅ አገር ወሬ የሰማ ሁሉ ይህን መንቀጥቀጥ በጆሮው ያውቀዋል። እኛ «ራዲዮኑ አረጀ» እያልን እንደበድበው ነበር። አባ ፒየር ጉዋን የተባሉት ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ካህን በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ በ1957 እ.ኤ.አ.፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ያቋቋሙት፣ ከተማይቱ ለመግነጢሱ ወገብ ቅርብ በመሆንዋ ምክንያት ጭምር ነው።

ወደ ጦርነቱ እንመለስ። ሰማዩ ለካርቱምና ለፋጉታ የሠራውን ሥራ ለኢጣሊያኖችም ይሠራ ነበር፤ በእነርሱ ላይ ግን የባሰ ነበር። የስዊዝ መንገድ ስለ ተዘጋባቸው በምሥራቅ አፍሪካ የነበረው ሠራዊታቸው ከሮም ጋር የሚገናኘው በአብዛኛው በራዲዮ ነበር። ጠቅላይ ገዢያቸው የአኦስታው መስፍን የላከውን ሁሉ የእንግሊዝ ጣቢያዎች በያሉበት ያዳምጡት ነበር። ቃሉ በምሥጢር ጽሕፈት የተሸፈነ ቢሆንም በእንግሊዝ አገርና በመካከለኛው ምሥራቅ የተቀመጡ ፈቺዎች ብዙውን ይፈቱት ነበር። ከ1933 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ እስከ አምባላጌ እጅ መስጠት ድረስ፣ እንግሊዞች የጠላታቸውን የነዳጅና የጥይት ጉድለት በጠላታቸው ቃል ያነቡ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሽቦ ያለውም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አስተማማኝ አልነበረም። ደብረ ማርቆስ በመጋቢት መጨረሻ 1933 ዓ.ም. በተለቀቀች ጊዜ ጠላት ትቶት የሄደው ስልክ እንደ ደወለና ኤድመንድ ስቲቨንስ የተባለ ኢጣሊያንኛ የሚያውቅ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ አንሥቶ፣ በዓባይ ድልድይ ለነበሩት ኢጣሊያኖች እጅግ ብዙ ሠራዊት እየመጣባቸው መሆኑን እንደ ነገራቸው ይተረካል። በስፍራው የነበረው ጦር ግን እጅግ ጥቂት ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነበር። ሰማዩን ማጠር አይቻልም፤ ታዲያ ቃል በሰማይ እየሄደ ጠላት እንዳያገኘው፣ ቢያገኘውም በጩኸት እንዳያውከው ምን ይደረግ? ምሥጢር ጽሕፈት የቃሉን ፍቺ ይሸፍናል እንጂ ሞገዱ ያለበትን ስፍራ አይሸፍንም። አዳማጩ ድግግሞሹን አንድ ጊዜ ካገኘ፣ ከሁለት አቅጣጫ ለክቶ ማሠራጫው የተተከለበትን ተራራ እንኳ ያውቃል።

መልሱ የመጣው ማንም ካልጠበቀው በኩል ነው። ኢጣሊያ ጦርነት ካወጀች ልክ በዓመቱ፣ ሰኔ 3 ቀን 1933 ዓ.ም. (ጁን 10 ቀን 1941 እ.ኤ.አ.)፣ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከገቡ አምስት ሳምንት ያህል ሲሆን፣ በአሜሪካ አገር አንዲት የሲኒማ ተዋናይና አንድ የሙዚቃ ደራሲ ለፓተንት መሥሪያ ቤት ማመልከቻ አስገቡ። ተዋናይዋ ቪየና የተወለደችው ሄዲ ላማር ናት፤ ደራሲው ጆርጅ አንቴይል ነው። ላማር ከዚያ በፊት ያገባችው ፍሪትዝ ማንድል የተባለ የኦስትሪያ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ባለቤት ሲሆን፣ እርሱም ከሙሶሊኒ ጋር የተቀራረበ ሰው ነበር። ትታው ሸሽታለች። አንቴይል ደግሞ ብዙ በራሳቸው የሚመቱ ፒያኖዎችን በአንድነት ለማስኬድ የደከመ ሰው ነው። የሁለቱ ሐሳብ ይህ ነበር፤ ከመርከብ በራዲዮ የሚመራ ቶርፔዶ ጠላት እንዳያውከው፣ ማሠራጫውና ተቀባዩ እንደ ፒያኖው ጥቅልል ወረቀት በተበሳ አንድ ዓይነት ወረቀት እየተመሩ ድግግሞሻቸውን በአንድነት ይለዋውጡ። የድግግሞሹም ቁጥር እንደ ፒያኖ ቁልፎች 88 ሆነ። ፓተንቱ በኦገስት 1942 እ.ኤ.አ. በቁጥር 2,292,387 ተሰጣቸው። የባሕር ኃይሉ ግን በጊዜው አልተጠቀመበትም። ለእውነት ስንል ሐሳቡ ከእነርሱ በፊትም ፍንጭ እንደ ነበረው መናገር ያስፈልጋል፤ ጀርመናዊው ዮናታን ዜኔክ በ1908 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ድግግሞሽን በመለዋወጥ ከአድማጭ ስለ መሸሸግ ጠቅሷል።

ለተማሪ ይህን በትምህርት ቤት ምሳሌ ማስረዳት ይቀላል። አንድ መምህር ደወል በተደወለ ቁጥር ክፍል እየለወጠ ያስተምራል እንበል። የክፍለ ጊዜው ሰሌዳ ያላቸው ተማሪዎች ተከትለውት ከክፍል ወደ ክፍል ይገባሉ፤ ትምህርቱም አይቋረጥባቸውም። ሰሌዳው የሌለው ሰው አንዱን በር ቢከፍት አንዲት ቃል ይሰማል፤ ቀጥሎ ባዶ ወንበር ያገኛል። ትምህርቱን ሊያውክ የሚፈልግም በሁሉም ክፍል መጮኽ ይኖርበታል፤ ለዚያ ደግሞ ጉልበት አይበቃውም። የሚዘለው ድግግሞሽ የሚባለው ዘዴ ይኸው ነው። ከባዱ ነገር ደወሉ ነው፤ ሁለቱ ወገኖች ሰዓታቸው ትንሽ እንኳ ከተዛነፈ መምህሩ በአንዱ ክፍል፣ ተማሪዎቹ በሌላው ይገኛሉ።

ከመደበቁ ይልቅ እኔን ይበልጥ የሚያስገርመኝ ሌላው ጥቅሙ ነው። ሞገድ ከማሠራጫ ሲወጣ በአንድ መንገድ ብቻ አይሄድም። አንዱ በቀጥታ፣ ሌላው ከግድግዳ ወይም ከተራራ ተመልሶ ይደርሳል። ሁለቱ ሲገናኙ አንዳንድ ጊዜ ይተጋገዛሉ፣ አንዳንድ ጊዜ ይሻሻራሉ። ሁለተኛው መንገድ ከመጀመሪያው በ300 ሜትር ቢረዝም፣ ከሰከንድ ሚሊዮንኛ አንድ እጅ ዘግይቶ ይደርሳል። በዚህ ጊዜ ድግግሞሹን በግማሽ ሜጋኸርዝ ብቻ ብንለውጠው ይሻሻር የነበረው ይተጋገዛል። እንግዲህ በአንድ ድግግሞሽ ላይ የቆመ ሰው በጉድጓድ ውስጥ ቢወድቅ እዚያው ይቀራል፤ የሚዘል ግን አንዲቱን ቃል ቢያጣ ቀጣይዋን ያገኛል፤ የጠፋችውንም ከቀሩት መርምሮ ይሞላል። ጂ.ኤስ.ኤም. የተባለው የሁለተኛው ትውልድ ሞባይል ስልክ በሰከንድ 217 ጊዜ ሊዘል የተዘጋጀው በዚሁ ምክንያት ነው። ብሉቱዝ ደግሞ በ79 መስመሮች መካከል በሰከንድ 1600 ጊዜ ይዘላል። ተማሪዎቻችን ይህን በኪሳቸው ይዘው ይመጣሉ፤ እኛም «ስልክ ዝጉ» እያልን እናስቀምጠዋለን።

በካርቱምና በጎጃም መካከል በነበረው ዓይነት የአጭር ሞገድ መንገድ ላይ ግን ለመዝለል ነጻነቱ ጠባብ ነው። ከላይ የጠቀስነው የሰማይ መስኮት ከሚፈቅደው በላይ የዘለለ ቃል ወደ ሕዋ ወጥቶ ይቀራል፤ ከታችም የዘለለ ይዋጣል። ስለዚህ በአጭር ሞገድ የሚዘል ራዲዮ ሰሌዳውን ከፀሐይ ጋር አስማምቶ መለወጥ አለበት። ቀን የተዘጋጀ ሰሌዳ ለማታ አይሆንም።

ካርቱም ከዚያ ወዲህ ሌላ ጦርነት አይታለች። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ውጊያው በከተማይቱ ውስጥ ሲነሣ የኦምዱርማን ራዲዮና ቴሌቪዥን ግቢ በፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ወደቀ፤ የሱዳን ጦር መልሶ የያዘው በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የሞባይል ስልክ መስመሮች በአገሪቱ አብዛኛው ክፍል ተቋረጡ። በሰው ሁሉ እጅ ያለው ስልክ የቱንም ያህል ቢዘል የሚያነጋግረው ማማና ማማዎቹን የሚያገናኘው ጣቢያ ከሌለ ዕቃ ብቻ ነው። የእንግሊዙ ቢቢሲ የአረብኛ ራዲዮውን በጥር 2015 ዓ.ም. ዘግቶ ነበር፤ ጦርነቱ ከተነሣ በኋላ ግን በሚያዝያ ወር ለሱዳን ብቻ የሚሆን አስቸኳይ ሥርጭት በአጭር ሞገድ ጀመረ። ማማ የማይፈልገው ያ ሞገድ ከሩቅ አገር ተነሥቶ ወደ ላይ ወጣ፤ የሳንድፎርድን ቃል በመለሰው በዚያው ሽፋን ተመልሶም መብራት በሌለበት ቤት፣ በባትሪ በሚሠራ ራዲዮ፣ ማታ ማታ እየተንቀጠቀጠ ተሰማ።